ከተማው ሥዕሌን ከገዛው በኋላ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። የከተማው አስተዳደር ከአካባቢው ሠዓሊዎች ሥዕል እየገዛ በመንግሥት ቢሮዎች እንደሚሰቅል ሰምቼ ለማመልከት አስቤ ነበር። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ግን «መንግሥት የገዛው ሥዕል ምድር ቤት ገብቶ ይረሳል፤ ለኪስሽ ጥቂት ቢጠቅም ነው እንጂ ለስምሽ አይጠቅምም» አለኝ። ሥዕሉ ከተሸጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል? በሥዕሉ ላይ ምን መብት ይቀርልኛል? እንዲህ ያለው አሠራርስ ለአዲስ አበባና ለሌሎች የአገራችን ከተሞች ይሆናል ወይ?

ምላሽ፦ የጓደኛዎ ስጋት ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምገልጸው በታሪክ የታየ ነገር ነው። ሆኖም ማመልከቻውን የሚያስቀር ሆኖ አላገኘሁትም። እኔ በሙያዬ የሥነ ጥበብ ስብስብ መዝጋቢ ነኝ፤ ከተማ የገዛውን ሥራ የምረከብ፣ ቁጥር የምሰጥ፣ ጉዳት ሲደርስበት የምመዘግብና በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ የምከታተል ሰው ነኝ እንጂ ሥዕል የመምረጥ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግዢው የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ውሉ ይፈረማል፣ ክፍያው ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። ሠዓሊውን ደግፎ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ባሉት 20 እና 30 ዓመታት ሥራው በትክክለኛ ስሙ ተመዝግቦ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተዛወረ፣ ሲጎዳ እየታከመ፣ ለኤግዚቢሽን ሲፈለግም በቀላሉ እየተገኘ መኖሩ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እርስዎ የሰሙት የከተማዋ የሥነ ጥበብና የሥነ ሰብእ ኮሚሽን የሚያስተዳድረው «አርት ባንክ» የተባለው ስብስብ መሆን አለበት። የተጀመረው በ1986 ነው። ኮሚሽኑ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከሚሠሩ ሠዓሊዎች ከቦታ ወደ ቦታ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉ ሥራዎችን ይገዛል፤ ከዚያም ለከተማው መሥሪያ ቤቶች ያውሳል፤ መሥሪያ ቤቶቹም ሕዝብ በሚተላለፍበት ኮሪደር፣ በመጠበቂያ ክፍልና በመሰብሰቢያ አዳራሽ ይሰቅሏቸዋል። ስብስቡ ዛሬ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሥራዎች አሉት። ባንክ መባሉም ያለምክንያት አይደለም፤ ተቀማጩ ሥዕል ነው፣ ተበዳሪው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ነው። ምርጫው የሚካሄደው በውድድር ነው፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሠዓሊዎች የሥራዎቻቸውን ፎቶና ዋጋ ያስገባሉ፣ በሙያው የሚታወቁ ሰዎች ይገመግማሉ።

ከሥራዬ ያየሁትን ልጨምር። ሥዕል ሊዋስ የሚመጣ የቢሮ ኃላፊ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ከምንጣፋችን ጋር የሚሄድ ሰማያዊ አላችሁ?» ብሎ ነው። በመጀመሪያ ሲያበሳጨኝ ኖሮ በኋላ ተውኩት፤ ምክንያቱም ያ ሰማያዊ ሥዕል ከተሰቀለ በኋላ የሚያየው ሰው ብዛት ጋለሪ ውስጥ የሚያየውን ያህል ብቻ አይደለም። ፈቃድ ለማሳደስ ወረፋ የያዘ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር ስለሌለው አንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፤ በጋለሪ ምርቃት ምሽት ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ሥዕል ፊት የቆመ እንግዳ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከዚያ ወረፋ ላይ ሆነው የሥዕሉን ሠሪ ስም ከመግለጫው ካርድ ላይ ቀድተው «ይህን ሰው እንዴት ላግኘው?» ብለው የደወሉልኝ ሰዎች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ነበሩ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ የገንዘቡ ምንጭ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚገዛ ይወስናልና። በአሜሪካ ከተሞች የታወቀው አንዱ መንገድ የመቶኛ ሕግ ነው፤ ከተማው ሕንፃ፣ ድልድይ ወይም መናፈሻ ሲያሠራ ከግንባታው ወጪ ብዙ ጊዜ 1 በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል የሚያስገድድ ሕግ ነው። በዚህ ረገድ ፊላደልፊያ በ1959 ቀዳሚ ሆናለች፤ ሲያትል ደግሞ ሕጓን በ1973 አውጥታለች። ይህ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ከኮንክሪትና ከብረት ጋር ለሚሠራ፣ መሐንዲስ ቀጥሮ ኢንሹራንስ ገብቶ ዓመታት የሚፈጅ ፕሮጀክት ለመምራት አቅም ላለው ባለሙያ ያደላል። በአንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ሸራ ወጥሮ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ለሚስል ሰው በሩ ጠባብ ነው። ሲያትል ይህን ለማካካስ ከመቶኛው ገንዘብ ከፊሉን ተንቀሳቃሽ ሥራዎችን ለመግዛት አውላለች፤ የከተማዋ የኤሌክትሪክ ድርጅትም በዚህ መንገድ ራሱን የቻለ ስብስብ አፍርቷል። ይሁን እንጂ የመብራት ደንበኞች ከስሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2005 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከመብራት ክፍያ የተሰበሰበ ገንዘብ ለሥነ ጥበብ ሊውል የሚችለው ሥራው ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋር በቂ ግንኙነት ሲኖረው ነው የሚል ውሳኔ ሰጠ። ሁለተኛው መንገድ እንደ ዲሲው አርት ባንክ በየዓመቱ በሚመደብ በጀት በቀጥታ ከሠዓሊው መግዛት ነው። ለእርስዎ ዓይነት ሠዓሊ የሚስማማው ይህ ነው፤ ጉድለቱ በጀት በተቀነሰ ዓመት መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ምድር ቤቱ ልምጣ። ጓደኛዎ የፈሩት ነገር በግልጽ የታየው በራሷ በአሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠዓሊዎችን ደመወዝ እየከፈለ አሠራ፤ ሥራዎቹም የመንግሥት ንብረት ሆኑ። መርሐ ግብሩ በ1943 ሲዘጋ በየመጋዘኑ የቀረው ሸራ ጠባቂ አልነበረውም። በኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ከነበረ አንድ መጋዘን የወጡ ሸራዎች እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ በክብደት ተሸጡ፤ ለቧንቧ መጠቅለያ ሊውሉ ታስበው እንደነበርም ይነገራል። በኋላ ከፊሎቹ ካናል በተባለው መንገድ ላይ ባለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ውስጥ በጥቂት ዶላር ሲሸጡ ተገኙ፤ ሠዓሊዋ አሊስ ኒል የራሷን ሥራዎች ከዚያ መልሳ ገዝታለች። እንግዲህ ያ መንግሥት ሠዓሊን በመክፈል ረገድ ከማንም አላነሰም ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የሆላንዱ ታሪክ ነው፤ ከተሞች ራሳቸው ስላካሄዱት ለጥያቄዎ ይበልጥ ይቀርባል። ከ1949 ጀምሮ በሆላንድ በሥራው መተዳደር ያቃተው ሠዓሊ ሥዕሉን ወይም ቅርጹን ይዞ ወደሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይሄድ ነበር። አንድ ኮሚቴ ሥራውን ያያል፤ ከተቀበለው ሠዓሊው ለተወሰኑ ሳምንታት የሚያኖረው ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ሥራው የማዘጋጃ ቤቱ ይሆናል፤ ከወጪው አብዛኛውን ማዕከላዊው መንግሥት ይሸፍናል። በእርዳታ መልክ ለሠዓሊ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ በምትኩ ሥራውን መቀበል ክብሩን ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ ያማረ ነበር። ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ተጠቃሚዎቹ ከ3,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ በመንግሥትና በከተሞች እጅ የተከማቸው ሥራም በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር። ይህን ሁሉ የሚሰቅል ግድግዳ፣ የሚመዘግብ ሰው፣ የሚያስቀምጥ መደርደሪያ አልተገኘም። በ1987 አሠራሩ ተቋረጠ። ከዚያም ዓመታት የፈጀ ማጣራት ተጀመረ፤ ጥቂቱ ለሙዚየሞችና ለአዋሽ ተቋማት ተመርጦ ከቀረው ብዙው ለሠሪዎቹ እንዲመለስ ወይም በነጻ እንዲታደል ተደረገ። ሠዓሊው ከ20 ዓመት በፊት ለማዘጋጃ ቤት «የሸጠውን» ሥራ መልሰህ ውሰድ የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለዚያ አሠራር ሰዎች ሲናገሩ ደካማ ሥራ ስለተቀበለ ወደቀ ይላሉ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በየትኛውም ስብስብ ውስጥ ደካማ ሥራ አለ። ስህተቱ የግዢው መጠን በሠዓሊው ችግር ልክ ሲወሰን የጥበቃው አቅም በማንም ልክ አለመወሰኑ ነው። ከተማ በዓመት 40 ሥዕል የሚገዛ ከሆነ በዓመት ለ40 ተጨማሪ ሥዕሎች ቦታ፣ ፍሬም፣ ማጓጓዣና የሰው ጉልበት መመደብ አለበት፤ ያለዚያ ግዢው ድጎማ መሆኑ ቀርቶ ቀኑን የሚጠብቅ ክምር ነው። ስለዚህ አንድ የከተማ ስብስብ ሠዓሊን እንደሚጠቅም ለማወቅ ሲፈልጉ ስንት ገዛ ብለው አይጠይቁ፤ ስንት መዝጋቢ አለው፣ ከተገዙት ውስጥ ስንቱ ዛሬ ተሰቅሏል ብለው ይጠይቁ።

መዝገብ ያልኩትን ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳይዎት፤ እኛን በተለየ ሁኔታ የሚነካ ጉዳይ አለበትና። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ «ፊርማ የሌለው፣ 1998» ተብሎ የተመዘገበ የዘይት ቅብ አግኝቼ ነበር። ሸራውን ወደ መስኮቱ ዘወር ሳደርገው በታችኛው ቀኝ ማዕዘን በቀይ ቡናማ ቀለም የሠዓሊው ሙሉ ስም በፊደላችን ተጽፏል፤ ከጎኑም 1998 ይላል። የቀድሞው መዝጋቢ ቁጥሩን አነበበ፤ ፊደሉን ግን የጌጥ መስመር አድርጎ አለፈው። 1998 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ሥዕሉ የተሠራው በ2005 ወይም በ2006 ነው። በዚህ ምክንያት የሠዓሊው ሥራዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ይህ ሥራ ገና እንዲያ መሳል ከመጀመሩ በፊት የተሠራ መስሎ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል፤ ስለ እሱ የሚያጠና ተማሪ ቢመጣ ይህን ስህተት ይዞ ይሄድ ነበር። ሁለት መስመር ነበር ያረምኩት፤ ያን ቀን ለዚያ ሠዓሊ የተደረገለት ድጋፍ ከግዢው ያንሳል ብዬ አላስብም።

የስማችንም ነገር እንደዚሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በመዝገብ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ሥራ በአባት ስም፣ ሌላው በራስ ስም ይመዘገባል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። እንዲህ እየሆነ አንድ ሠዓሊ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሦስት ሰው ይሆናል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ለማመልከቻ፣ ለውል፣ ለድረ ገጽ ሁልጊዜ እሱኑ ይጠቀሙ፤ ፊርማዎ በአማርኛ ከሆነ በሸራው ጀርባ በላቲን ፊደል ይድገሙት፤ ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ።

በብራና ላይ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የዋሽንግተን በጋ ወበቃም ነው፤ ክረምቷ ደግሞ በማሞቂያ የደረቀ የቢሮ አየር ነው። ዙሪያውን በሙጫ ከካርቶን ጋር ተጣብቆ የተሰቀለ ብራና በመጀመሪያው ክረምት ከአንድ ማዕዘን ጀምሮ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ ቀለሙም ከስንጥቁ ጋር አብሮ ረገፈ። ብራናዎ እንዲተነፍስ በትንንሽ ማያያዣዎች ብቻ ይያዝ፣ ከመስተዋቱ ጋር አይነካካ፣ ይህንንም በጽሑፍ አድርገው ከሥራው ጋር ያስረክቡ። ለብራናና ለወረቀት ሥራ የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ አካባቢ ነው፤ ለዘይት ቅብ እስከ 200 ይፈቀዳል። ቢሮዎች ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣሉ። በወረቀት የተሠራ ሥራዎ ከጥቂት ወራት በኋላ ከግድግዳ ወርዶ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ቢገባ ተረሳሁ ብለው አይዘኑ፤ ያ ዕረፍት ነው።

ስለ መብትዎ። ሥዕሉን ሲሸጡ የሚሸጡት ዕቃውን ነው። በአሜሪካ ሕግ የሥዕሉ ባለቤትነትና የቅጂ መብቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የቅጂ መብቱን በጽሑፍ ፈርመው ካላስተላለፉ በስተቀር የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል፤ በሥዕሉ ፖስትካርድ ማሳተም የሚችሉት እርስዎ ኖት፣ ከተማው አይደለም። ከተማው በድረ ገጹና በካታሎጉ ላይ ፎቶውን ለማውጣት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ይህ ተገቢ ነውና ይስጡ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ለንግድ የማይውልና እርስዎን ለሌላ ከመፍቀድ የማያግድ መሆኑ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። ከዚህ ሌላ በ1990 የወጣ የሠዓሊዎችን የሞራል መብት የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በሥራዎ ላይ ስምዎ እንዲጠራ፣ ሥራው ተበላሽቶ ወይም ተቆርጦ ክብርዎን የሚጎዳ ከሆነም እንዲቃወሙ በሕይወት እስካሉ ድረስ መብት ይሰጥዎታል። የዚህ ሕግ ጉልበት በይፋ የታየው በኒውዮርክ «ፋይቭ ፖይንትዝ» በተባለው ሕንፃ ላይ የነበሩ የግድግዳ ሥዕሎች በኖራ ቀለም ከተሸፈኑ በኋላ ነው፤ በ2018 ፍርድ ቤቱ የሕንፃው ባለቤት ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል። ይህን መብት ሠዓሊው በፊርማው ሊተወው ስለሚችል ብዙ ውሎች «ትቻለሁ» የሚል አንቀጽ አላቸው። ግድግዳ ላይ ለተሳለ ሥራ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሕንፃው አንድ ቀን ሊፈርስ ይችላልና። ተንቀሳቃሽ ለሆነ ሸራ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ።

አንድ አንቀጽ ደግሞ እርስዎ ራስዎ እንዲጨመር ይጠይቁ። በአሜሪካ ሥዕል በድጋሚ ሲሸጥ ሕጉ ለሠዓሊው ድርሻ አያስከብርለትም፤ ስለዚህ ከተማው ሥራውን ከስብስቡ ለማውጣት ከወሰነ አስቀድሞ እንዲያሳውቅዎትና መልሰው ለመግዛት ቅድሚያ እንዲሰጥዎት ይጻፍ። ይህ ያልተለመደ ጥያቄ አይደለም፤ የብዙ ከተሞች ደንብ ያውቀዋል።

በዚሁ አጋጣሚ «ለሕዝብ ነውና በስጦታ ይስጡን» የሚል ጥያቄ ቢመጣ ጥቂት ያስቡ። ከ1969 ወዲህ ባለው የግብር ሕግ አንድ ሰብሳቢ ከእርስዎ በ4,000 ዶላር የገዛውን ሥዕል ለሕዝብ ስብስብ ቢሰጥ የገበያ ዋጋውን ከግብር ሊያስቀንስ ይችል ይሆናል፤ እርስዎ ራስዎ ያንኑ ሥዕል ቢሰጡ ግን ማስቀነስ የሚችሉት የሸራውንና የቀለሙን ወጪ ብቻ ነው። ሠዓሊን እደግፋለሁ የሚል ከተማ ይክፈል።

ከመዝገብና ከውል የማያንስ ነገር ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ነው፤ ይህን የምለው በምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። በ2019 እዚያው ዲሲ ውስጥ በከንቲባዋ አስተዳደርና በሥነ ጥበብ ኮሚሽኑ መካከል ስብስቡን ማን ያስተዳድር በሚል ክርክር ተነስቶ የሥዕሎቹ ማከማቻ ቁልፍ ተቀየረ፤ የኮሚሽኑ ሠራተኞችም እንደ ልባቸው ገብተው መሥራት አልቻሉም ነበር። ሠዓሊዎቹ በዚህ ጉዳይ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም፤ ስማቸውን የያዘው ክፍል ግን ያ ነበር።

የለንደኑ ታሪክ ከዚህ ይረዝማል። የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት በ1962 የእንግሊዛዊውን ቀራጺ የሄንሪ ሙርን አንዲት የተቀመጠች ሴት የነሐስ ሐውልት ከ7,000 ፓውንድ ትንሽ በሚበልጥ ገንዘብ ገዝቶ በምሥራቅ ለንደን ድሆች በሚኖሩበት አንድ የማዘጋጃ ቤት መኖሪያ መንደር አቆማት። ነዋሪዎቹ «ኦልድ ፍሎ» የሚል የቤት ስም አወጡላት፤ ልጆች እየወጡባት አደጉ። ሕንፃዎቹ በ1990ዎቹ ሲፈርሱ በአደራ ወደ ዮርክሺር የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ተወሰደች። በ2012 መንደሩ የነበረበት የለንደን ወረዳ፣ የታወር ሃምሌትስ፣ ከንቲባ የበጀት ጉድለት ለመሙላት ሊሸጧት ወሰኑ፤ እስከ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ልታወጣ እንደምትችል ይነገር ነበር። በዚህን ጊዜ ሌላ የለንደን ወረዳ፣ ብሮምሊ፣ የቀድሞው ምክር ቤት ንብረት የተላለፈው ለእኔ ነው ብሎ ተነሳ። ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 ለታወር ሃምሌትስ ተፈረደ፤ አስተዳደሩም በዚያው ዓመት ተቀይሮ ስለነበር ሽያጩ ቀረ፤ በ2017 ሐውልቷ ወደ ምሥራቅ ለንደን ተመለሰች። ይህ ሁሉ የዓመታት ክርክር የመጣው ምክር ቤቶቹ ሲቀያየሩ ሐውልቷ ለማን እንደተላለፈች በግልጽ የሚናገር አንድ ገጽ ስላልነበረ ነው።

ስለ አገራችን ከተሞች የጠየቁኝን በዚህ ላይ ላያይዘው። በአዲስ አበባ ሕንፃና ሥነ ጥበብ አብረው ሊታሰቡ እንደሚችሉ ከታየ ቆይቷል፤ በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ከመጀመሪያው ይዞ ነው የተሠራው፤ በቅርብ ዓመታት አዳራሹ ሲታደስም ብርጭቆው አብሮ ታድሷል። ያ ግን የአንድ ትልቅ ተቋም ሥራ እንጂ የከተማ አሠራር አይደለም። የሕግ መሠረትም አይጎድለንም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሥዕል ሥራ የኢኮኖሚም የሞራልም መብት ይሰጣል። የሚያሰናክለው ነገር ከዚህ የወረደና የዕለት ተዕለት ነው።

አንድ የማውቀው ሠዓሊ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሥዕል ሊሸጥ ቀርቦ፣ የግዢ ክፍሉ ሁለት ሌሎች ሠዓሊዎች «ተመሳሳዩን ዕቃ» በስንት እንደሚያቀርቡ ፕሮፎርማ እንዲያመጣ ጠይቆታል። የግዢ ሠራተኛውን መውቀስ አይቻልም፤ ደንቡ የተጻፈው ለወረቀትና ለወንበር ነው፤ ከሦስት ዋጋ ዝቅተኛውን ካልመረጠ ኦዲተር ይጠይቀዋል። ሥዕሉ ከተገዛም በኋላ ንብረት ክፍል ከጠረጴዛና ከመደርደሪያ ጋር ቋሚ ዕቃ ብሎ ይመዘግበዋል፤ የእርጅና ቅናሽ እየተሰላ ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ለጨረታ የማይወጣበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከግዢው አስቀድሞ የከተማው ምክር ቤት ሁለት አጫጭር ነገሮችን መደንገግ ይኖርበታል፤ የሥነ ጥበብ ሥራ በባለሙያ ቡድን ውሳኔ በቀጥታ የሚገዛ መሆኑን፣ እንዲሁም ከቢሮ ዕቃ ተለይቶ በራሱ መዝገብ የሚያዝና ያለ ምክር ቤቱ ውሳኔ የማይሸጥ መሆኑን። የገምጋሚዎቹ የሥራ ዘመን አጭር ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ፤ ሙያው ውስጥ ሁላችንም እንተዋወቃለን፣ አንድ ቡድን ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ የሚገዛው የጓደኞቹን ሥራ መሆኑ አይቀርም።

መጠኑን በተመለከተ ትንሽ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ በመጀመሪያው ዓመት 15 ሥዕል ገዝታ አንድ መዝጋቢ ብትቀጥር፣ አንድ ደረቅ ክፍል በመደርደሪያ ብታዘጋጅ፣ ሥዕሎቹንም በጤና ጣቢያና በቤተ መጻሕፍት ብትሰቅል፣ 300 ሥዕል ገዝታ በአንድ አዳራሽ ከምትከምር ከተማ የበለጠ ሠዓሊ ታኖራለች። እንደ ሥራ ቅደም ተከተል ከሆነ መዝጋቢው ከመጀመሪያው ሥዕል በፊት ይቀጠር።

ወደ እርስዎ ማመልከቻ ልመለስ። ማን ሊወዳደር እንደሚችልና እስከ ስንት ዋጋ እንደሚገዛ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከሰው ሰምተው ሳይሆን የዘንድሮውን ማስታወቂያ አንብበው ይወስኑ። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍሬምና ያለ መስተዋት ያንሱ፤ ገምጋሚዎቹ ሥራውን በመጀመሪያ የሚያዩት በስክሪን ነውና የመስተዋት ነጸብራቅ ያለበት ፎቶ ጥሩ ሥራን ያስጥላል። ዋጋውን በጋለሪ ከሚሸጡበት አያሳንሱ፤ ከተማው የከፈለው ዋጋ በይፋ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ነገ ሌላ ገዢ ያንን ጠቅሶ ይከራከርዎታል። ከተመረጡ ደግሞ በርክክቡ ቀን የሥራውን ሁኔታ የሚገልጸውን ቅጽ ከመዝጋቢው ጋር አብረው ይሙሉ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም በማስታወሻዎ ላይ ጽፈው ይያዙ። ከዓመታት በኋላ ለኤግዚቢሽን ሥዕሉን ሊዋሱ ሲደውሉ ያን ቁጥር ከነገሩን ሥዕሉ ያለበትን ሕንፃ፣ ፎቁንና ግድግዳውን በዚያው ስልክ ላይ እንነግርዎታለን።